በትሪ፣ በእስር ወይስ በከረጢት? ለባልዲ ተከላ የሚሸጡ የቃሪያና የበርበሬ ችግኞች ግምገማ

በአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫዎች የቃሪያና የበርበሬ ችግኝ በሦስት መልክ ይቀርባል። አንደኛው ከመደብ ተነቅሎ፣ አፈሩ ከሥሩ ላይ ረግፎ፣ በእስር የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለብቻው ያደገ ሲሆን፣ ሦስተኛውና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየተለመደ የመጣው ደግሞ ትናንሽ ጎድጓዳ ቤቶች ባሉት የፕላስቲክ ትሪ የፈላው ነው። ሦስቱንም ገዝቼ በረንዳዬ ላይ ተክያቸዋለሁ፤ ይህ ግምገማ የሚመለከተውም ለማሳ ሳይሆን ለባልዲ፣ ለተቆረጠ ጀሪካንና ለአበባ መትከያ የሚሆነውን ችግኝ ብቻ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ በባልዲ ለሚተክል ሰው የትሪው ችግኝ ከሌሎቹ ሁለቱ ይሻላል። የሚሻለው ግን በጊዜው ከተሳሳ፣ ማለትም በአንዱ ቤት ውስጥ አንድ ጠንካራ ተክል ብቻ እንዲቀር ከተደረገ ነው፤ ካየኋቸው መሸጫዎች አብዛኞቹ ይህን ሥራ ሳይሠሩ ይሸጣሉ።

ለማሳ የሚገዛና ለባልዲ የሚገዛ ሰው ችግኝ የሚመርጡበት ዓይን አንድ ሊሆን አይችልም። በአገራችን ለበርበሬ በተለመደው የመስመር ተከላ፣ በመስመሮች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ሲተው፣ አንድ ሄክታር መሬት ከ47 ሺህ በላይ ተክሎችን ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት መቶዎቹ ቢደርቁ ወይም ቢቀጭጩ ገበሬው ከመደብ በተረፈው ችግኝ ይተካቸዋል፤ ባይተካቸውም በአጠገባቸው ያሉት ተክሎች ክፍቱን ቦታ ይጠቀሙበታል። በረንዳው ላይ አምስት ባልዲ ላለው ሰው ግን እያንዳንዱ ተክል የምርቱ አምስተኛ እጅ ነው። ደካማ ችግኝ የተተከለበት ባልዲ አፈሩን፣ ውኃውንና ፀሐይ የሚያገኘውን ጥሩ ቦታ ለወራት ይዞ ይቆያል፤ ድክመቱ በግልጽ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ አበባ በሚጠበቅበት ወቅት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ በሌላ ልተካ ቢሉ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ አምስት ተክል የሚፈልግ ሰው አሥር ያህል ችግኝ ገዝቶ፣ የተሻሉትን አምስቱን አስቀርቶ ሌሎቹን ለመተው ዝግጁ ሆኖ ቢሄድ ይሻለዋል። ይህ ብክነት የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም የችግኙ ዋጋ ከአፈሩ፣ ከኮምፖስቱና ከወራት እንክብካቤው ጋር ሲተያይ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው።

ዘሩን ገዝቶ በቤት ማፍላት የሚመርጥ ሰው አለ፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን የቃሪያ ዘር በደንብ የሚበቅለው የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በዚህ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ግን በጣም ይዘገያል፣ ከፊሉም አፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ያለ ፕላስቲክ ሽፋን ይህን ሙቀት ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥሩ ችግኝ አፍሊዎች ትሪዎቻቸውን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ስለሚያቆዩ፣ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው በአንድ በኩል ይህን ሙቀትና ከዘሩ ጀምሮ የጠፋውን የስድስትና የሰባት ሳምንት ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ አገልግሎቱ ዋጋው ይገባዋል።

በእስር የሚሸጠውን ችግኝ በተመለከተ፣ ከዋጋው መርከስ በቀር ለባልዲ የሚያስመርጠው ነገር አላገኘሁበትም። ዘሩ መደብ ላይ ብዙውን ጊዜ ተበትኖ ስለሚዘራ ችግኞቹ እጅግ ተጠጋግተው ይበቅላሉ፤ ማንም ካላሳሳቸው ደግሞ ብርሃን ፍለጋ እየተሽቀዳደሙ ይመዘዛሉ። የተመዘዘ ችግኝ ቁመቱ ያምራል፤ ገበያ ላይ ሲታይም ያደገና ለተከላ የደረሰ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ግን በአንዱ ቅጠልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ መሆኑን፣ ግንዱ ቀጭንና ፈዛዛ አረንጓዴ መሆኑን፣ ጫፉን ይዘው ሲያዘነብሉት መልሶ የማይቃና መሆኑን ይገነዘባል። ከዚህም በላይ ችግኙ ከመደብ ሲነቀል ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን የጎን ሥሮች አብዛኞቹ ተቆርጠው መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ቃሪያ ከቲማቲም የሚለይበት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ይታያል፤ ቲማቲም ግንዱን ጠለቅ አድርገው ቢቀብሩት ከግንዱ ላይ በቶሎ አዲስ ሥር ያወጣል፣ ቃሪያ ግን እንዲህ አያገግምም። በመሆኑም ረጅሙን ችግኝ አንገቱ ድረስ በመቅበር አሳጥረዋለሁ የሚል ሰው ለግንድ መበስበስ ያጋልጠዋል።

በእስር ከመግዛት ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው፣ እስሩን ፈትቶ አንድ በአንድ ማየት ይኖርበታል። ግንዱ ወደ እርሳስ ውፍረት የተጠጋ፣ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከአራት እስከ ስድስት በደንብ የተዘረጉ ቅጠሎች ያሉት፣ ሥሩ ላይ ጥቂትም ቢሆን እርጥብ አፈር የቀረለት ይመረጥ። ከአፈሩ ወለል ጋር ይነካካ የነበረው የግንዱ ክፍል ጠቆር ብሎ የከሳ ከሆነ፣ ያ ችግኝ በአፈር ወለድ ሻጋታ ተይዟልና ምንም ያህል ቅጠሉ ቢያምር መጣል አለበት፤ ከእሱ ጋር የመጣው አፈርም ባልዲው ውስጥ መግባት የለበትም። የተመረጡትን አመሻሽ ላይ መትከልና ለጥቂት ቀናት ከቀትር ፀሐይ መከለል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ እኔ ባየሁት፣ ከአንድ እስር ውስጥ ለባልዲ የሚበቃው ከግማሽ በታች ነው።

የትሪው ችግኝ ጠባይ ፍጹም ሌላ ነው። ጥሩ የምለውን የትሪ ችግኝ የሸጠችልኝ ወጣት፣ እንድመርጥ ስጠይቃት ከትሪው በታች ባለው ቀዳዳ በጣቷ ገፋ አድርጋ አንዱን ከነአፈሩ አወጣችና መዳፏ ላይ አስተኝታ አሳየችኝ። አፈሩ የቤቱን ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ዙሪያውን ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች እንደ መረብ ይዘውታል፣ በሥሮቹ መካከል ግን ጥቁሩ አፈር ገና በግልጽ ይታያል። ለተከላ የደረሰ ችግኝ ይህን ይመስላል። ሲወጣ አፈሩ የሚፈረከስ ከሆነ ችግኙ ገና ነው፤ በአንጻሩ አፈሩ እስከማይታይ ድረስ ሥሩ ተጠማዝዞ ከተቋጨና ወደ ቡናማ ቀለም ካደላ ትሪው ውስጥ ከጊዜው በላይ ቆይቷል። ትናንሽ ቤቶች ባሏቸው ባለ 128 እና ባለ 200 ትሪዎች ላይ ይህ መጠማዘዝ ቀድሞ ይመጣል፤ እንዲህ ባለ ችግኝ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ምግብ አልቆባቸው ቢጫ ይሆናሉ። አንዷን እንኳ ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ያጋጠመው ሰው ወደ ሌላ ቢሄድ እመክራለሁ፤ የደረሰ ችግኝ ለአፍታ ከቤቱ ወጥቶ ቢመለስ አይጎዳም።

የትሪው ችግኝ ዋናው ጉድለት አለመሳሳቱ ነው። አፍሊዎች በየቤቱ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዘር ይጥላሉ፤ ምክንያቱም ሳይበቅል የሚቀር ዘር ስላለ ባዶ ቤት እንዳይኖር ነው። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነቀፋው፣ ሁለቱም ሲበቅሉ አንዱን በጊዜው ባለማስወገዳቸው ነው። አንዲት ሻጭ ይህንኑ ባነሳሁባት ጊዜ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ነው የሰጠሁዎት» ብላኛለች፤ እውነቷን እንደ ስጦታ ቆጥራው እንደነበር ከፊቷ ይታያል። ብዙ ገዢም እንዲሁ ያስባል፤ ሁለት ተክል ያለበትን ቤት ፈልጎ የሚመርጥ ሰው አይቻለሁ። ነገር ግን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም በማይበልጥ አፈር ውስጥ ሁለት ተክሎች ለስድስት ሳምንት ሲቆዩ፣ ሥራቸው ይተበተባል፣ ቅጠሎቻቸው ይጋረዳሉ፣ ሁለቱም ይመዘዛሉ፣ በግንዶቻቸው መካከል የሚቀረው እርጥበትም ለሻጋታ ይመቻል። ገዢው ያገኘው ሁለት ግማሽ ችግኝ እንጂ ሁለት ችግኝ አይደለም።

ማሳሳት ያለበት ጊዜ የሚታወቀው በቅጠሉ ነው። ከዘሩ ጋር የሚወጡት ለስላሳና ሞላላ ሁለት ቅጠሎች ተዘርግተው፣ ከመካከላቸው የመጀመሪያዎቹ ትክክለኛ የቃሪያ ቅጠሎች ብቅ ሲሉ ሥራው መጀመር አለበት። በዚህ ዕድሜ ሥሮቹ ገና ስላልተቆላለፉ ተጨማሪውን ችግኝ መጣል ለማይፈልግ ሰው ሌላም ዕድል አለ፤ አፈሩን አርሶ፣ በቀጭን እንጨት ከሥሩ ፈንቀል አድርጎ፣ ከግንዱ ሳይሆን ከቅጠሉ ይዞ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ይቻላል። ከቅጠሉ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅጠል ቢጎዳ ሌላ ይተካል፣ ለጋ ግንድ በጣት ከተጨፈለቀ ግን ተክሉ አበቃለት። ትክክለኛዎቹ ቅጠሎች ሦስትና አራት ከደረሱ በኋላ ግን መለየቱ ለሁለቱም ጉዳት ስለሆነ፣ አንዱን ቆርጦ መጣል ብቸኛው መንገድ ይሆናል።

መቁረጥ ስል መንቀል ማለቴ አይደለም። የሚወገደው ችግኝ ተይዞ ከተሳበ የቀሪውንም ሥር አብሮ ይበጥሳል፣ አፈሩንም ያላላል። በትንሽ ስለታም መቀስ ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል አድርጎ መቁረጥ በቂ ነው፤ በአፈር ውስጥ የቀረው ሥር ራሱ በጊዜው ይበሰብሳል፣ ተመልሶ የማቆጥቆጥ ዕድሉም ከወለሉ ጋር እኩል ከተቆረጠ የለም ማለት ይቻላል። መቀሱን ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው ሲያልፉ በተበረዘ በረኪና መጥረግ ያስፈልጋል። ቃሪያን የሚያጠቁ አንዳንድ ቫይረሶች በእጅና በመሣሪያ ይተላለፋሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የትምባሆ ቫይረስ ስለሆነ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ይህን ልማድ ያየሁበት መሸጫ አንድም የለም፤ ሊጀመር የሚችልና ምንም ወጪ የሌለው ነገር በመሆኑ አጥብቄ አሳስባለሁ።

የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይወገድ የሚለው ጥያቄ ከአቆራረጡ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብዙ ሰው እጅ በደመ ነፍስ ወደ አጭሩ ይሄዳል፤ ረጅሙ ቀድሞ የበቀለና ብርቱ ስለሚመስል ይተርፋል። እኔ ግን ቁመትን የመጨረሻ መመዘኛ ነው የማደርገው። ከሁሉ በፊት የማየው የግንዱን ውፍረትና በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ አጠር ደንደን ያለ፣ ቅጠሎቹ የተቀራረቡ ተክል ብርሃን ያገኘ ተክል ነው። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች አሁንም አረንጓዴ ሆነው በቦታቸው መኖራቸውን እመለከታለሁ፤ ቀድመው ቢጫ ሆነው የረገፉበት ችግኝ ውኃ ወይም ምግብ ያጣበት፣ አለዚያም ውኃ የበዛበት ጊዜ አሳልፏል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ገልብጬ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ እፈልጋለሁ፤ የሚጣበቅ ወዝ ያለበት ወይም ለጋው ቅጠል የተጨማደደበት ችግኝ ተባዩን ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ቅጠሉ ላይ ፈዛዛና ደማቅ አረንጓዴ ተዘበራርቆ ከታየ የቫይረስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ለዚህ መድኃኒት ስለሌለው፣ ያ ችግኝ ብቻ ሳይሆን የተነሣበት ትሪ በሙሉ ይቅር። በአንጻሩ በአንጓዎቹ ላይ የሚታይ ወይን ጠጅ ቀለም ብዙ ገዢዎችን ያስደነግጣል፤ በብዙ የቃሪያና የበርበሬ ዓይነቶች ላይ ተፈጥሯዊ ነውና ጥሩ ችግኝ በእሱ ምክንያት መጣል የለበትም።

አበባ ወይም እምቡጥ ይዞ የሚሸጥ የትሪ ችግኝም አለ፤ ሻጮች እንደ ብልጫ ያሳዩታል። ቃሪያ እስከ መጀመሪያው አበባ ድረስ በአንድ ግንድ ያድግና አበባው በወጣበት ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ የተክሉ ቅርንጫፍ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ መንታ ነው። ይህ መንታ ገና ትሪ ላይ፣ ተክሉ ገና አጭር ሳለ ከመጣ፣ ባልዲው ውስጥ የሚያድገው ተክል ድንክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላ ከሌለ እምቡጡን ቀንጥሶ መትከል ይቻላል፤ ሌላ ካለ ግን ያለ እምቡጥ ያለው ይመረጥ።

ከዚህ ሁሉ ምርጫ ውስጥ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ስለ ሚጥሚጣ ነው። ሚጥሚጣ ከቃሪያና ከበርበሬ ዝርያው የተለየ ሲሆን፣ ለመብቀልም ለማደግም ይዘገያል። አንዳንድ መሸጫዎች ቃሪያና ሚጥሚጣ በአንድ ትሪ ላይ፣ አልፎ አልፎም በስህተት በአንድ ቤት ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ትሪ ላይ በቁመት የሚመርጥ ሰው ሚጥሚጣውን ሁሉ ደካማ ቃሪያ መስሎት ያስወግዳል። ቅጠሉ አነስ ያለና ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀረ፣ ነገር ግን ግንዱ ጠንካራና ቀለሙ ጤናማ የሆነ ችግኝ ያየ ሰው ከመቁረጡ በፊት ሻጩን ይጠይቅ። ሚጥሚጣ በተስማማው ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት የሚችል ተክል በመሆኑ፣ ለበረንዳ ባልዲ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው።

ስለ ዓይነቶቹ ማወቅ የሚፈልግ ገዢ ከብዙ መሸጫዎች በቂ መልስ አያገኝም፤ ይህ የሦስቱም አቀራረቦች የጋራ ድክመት ነው። በአገራችን በምርምር የወጡ የታወቁ ዓይነቶች አሉ። ማረቆ ፋና ትልልቅና ሲደርቅ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ፍሬ ያለው በመሆኑ ለበርበሬ ዱቄት ይወደዳል፤ ባኮ ሎካል፣ እንዲሁም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜና መልካ ሾቴ በዘር ሻጮች ዘንድ የሚሰሙ ስሞች ናቸው። መልካሳ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በሚሞቅ ቦታ የሚገኝ ነውና፣ እነዚህን ዓይነቶች በከተማዋ የሚተክል ሰው ባልዲውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ማስጠጋት ይኖርበታል። የፈረንጅ ቃሪያ ለሚፈልግ ደግሞ ካሊፎርኒያ ወንደር በስፋት ይገኛል፤ ፍሬው ከባድ ስለሆነ ለባልዲ ሲመረጥ የግንዱ ውፍረት ከሌሎቹ ይልቅ ወሳኝ ነው፣ የድጋፍ እንጨትም ከተከላው ቀን ጀምሮ መቆም አለበት።

«ዲቃላ ነው» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ትሪ ሲቀርብ፣ ገዢው ትሪውን ከጎን በኩል በዓይን ደረጃ ዝቅ ብሎ ይመልከት። የእውነተኛ ዲቃላ ችግኞች አንድ ቀን ከተዘሩና አንድ ዓይነት እንክብካቤ ካገኙ ቁመታቸውና የቅጠላቸው ቅርጽ ተቀራራቢ ነው። ግማሹ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግማሹ ጠባብ የሆነበት ትሪ ከተቀላቀለ ወይም ከፍሬ ላይ ከተለቀመ ዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል የዲቃላ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ቃሪያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንቦች ያዳቅሉታል፤ የማቃጠል ባሕርይ ደግሞ ገኖ የሚወጣ ስለሆነ፣ ከሚያቃጥል ቃሪያ አጠገብ ከበቀለ የፈረንጅ ቃሪያ የተለቀመ ዘር የሚያቃጥል ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ይህን በችግኝነቱ ዘመን በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ገዢው ከሻጩ ታማኝነት በቀር መተማመኛ የለውም።

ሌላው በትሪ ችግኝ ላይ የማየው ጉድለት ከፀሐይና ከነፋስ ጋር አለመለማመዱ ነው። ከፕላስቲክ ቤት ወጥቶ በዚያው ዕለት መንገድ ዳር የቀረበ ችግኝ ቅጠሉ ልል ነው፤ ወደ በረንዳ ሄዶ ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ቅጠሉ ነጣ ነጣ ብሎ ይቃጠላል። ጥሩው አፍሊ ከሽያጩ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ትሪዎቹን በቀላል ዳስ ሥር አውጥቶ፣ ውኃውንም ቀነስ አድርጎ ያጠነክራቸዋል። እንዲህ መደረጉን ለማወቅ ቅጠሉን በመዳፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ ይበቃል፤ የተለማመደው ጠንከርና ወፈር ይላል። ካልተለማመደ ገዢው ራሱ፣ ከጠዋት ፀሐይ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይህን ሥራ መሥራት አለበት። በጥቅምት መጨረሻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚገዛ ሰው የሌሊቱን ቅዝቃዜ ጨምሮ ማሰብ ስላለበት፣ እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እንዲገዛ እመርጣለሁ። የክረምቱ ደመናና በረዶ ከመምጣቱ በፊት ተክሉ ሥር ይይዛል፣ ፍሬም ይጀምራል።

ስለ ባልዲው ብዙ ማለት አያስፈልግም። 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ በደንብ የተበሳ ባልዲ ለአንድ የማረቆ ፋና ወይም የፈረንጅ ቃሪያ ተክል ይበቃል፤ በአንድ ባልዲ ሁለት መትከል በትሪው ላይ የተሠራውን የማሳሳት ሥራ መልሶ ማፍረስ ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ከቀይ አፈር፣ ከአሸዋና በደንብ ከበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር መደባለቅ አለበት። ችግኙ ትሪው ላይ በነበረበት ጥልቀት ይተከል፤ ላዩ በደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝ እርጥበቱ ይቆያል።

የጥቁር ከረጢቱ ችግኝ በሁለቱ መካከል ነው። ለብቻው ስላደገ ሥሩ ሰፊ ነው፣ ማሳሳትም አይፈልግም፤ ዘግይቶ ለሚጀምርና ሁለት ወይም ሦስት ተክል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከትሪው ሊመረጥ ይችላል። ችግሩ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ በከባድ አፈር መሞላቱና ችግኙ ሳይሸጥ ለወራት መቆየቱ ነው። ከረጢቱን አንስቶ ከሥሩ መመልከት ይገባል፤ ሥር በቀዳዳዎቹ ወጥቶ መሬት ውስጥ ከገባ፣ ሲነሣ ስለሚበጠስ እንደ እስሩ ችግኝ ይጎዳል። በዋጋው ከሦስቱም ውዱ እሱ ስለሆነ፣ በዚህ ዋጋ የተቀጨጨ ተክል መግዛት አይገባም።

በገንዘብ ሲታይ የአንድ የትሪ ችግኝ ዋጋ ከአንድ የእስር ችግኝ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከእስሩ ላይ የሚጣለውንና ከተከላ በኋላ የሚደርቀውን ላሰበ ሰው ልዩነቱ ይጠባል። አንድ ተክል ብቻ በየቤቱ ያስቀረ፣ ችግኙን ከቤቱ አውጥቶ የሚያሳይና ለዳስ ጊዜ የሰጠ ሻጭ ካልተሳሳው ትሪ የተወሰነ ጭማሪ ቢጠይቅ ያለ ክርክር ልከፍለው እወዳለሁ። ለአፍሊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በየትሪው ጠርዝ ላይ የዓይነቱን ስምና የተዘራበትን ቀን በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ። ቀኑ ካለ ገዢው ችግኙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ተስማሚ ዕድሜ ላይ መሆኑን ራሱ ያሰላል፤ የዓይነቱ ስም ካለም የተዋጣለትን ተክል በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ጠርቶ ይገዛል።